ብዕር ሲያዘነብል ኮምፒዩተር ምን ይሰማል?

በሚገባ የተቀረጸች አንዲት እርሳስ ወስዳችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በመያዝ በወረቀት ላይ መሥመር አስምሩ። ቀጥሎም የእጃችሁን ኃይል ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ እርሳሷን ወደ ጎን አጋድማችሁ ያንኑ መሥመር ድገሙት። የፊተኛው ቀጭንና ጠቆር ያለ፣ የኋለኛው ሰፋ ያለና ፈዛዛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እርሳሷ ስታዘነብል ወረቀቱን የሚነካው የግራፋይቱ ሹል ጫፍ ሳይሆን ሰፊ ጎኑ ስለሆነ፣ ያው ኃይል በሰፋ ገጽ ላይ ይከፋፈላል። ሥዕል የሚሞክር ሕፃን ይህን ማንም ሳያስተምረው ይደርስበታል፤ ጥላ ሲቀባ እርሳሱን ያጋድማል፣ ዓይን ሲስል ያቆመዋል።

ኮምፒዩተር ግን ይህንን የሕፃን ዕውቀት ለመማር ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ከተማረውም በኋላ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሲዘነጉት እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የኮምፒዩተር ብዕር ዝንባሌ እንዴት እንደሚለካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን ተግባር ሊውል እንደሚገባ ያለንን አስተያየት ለአንባብያን እናቀርባለን። ዝንባሌ ስንል የልብን ፍላጎት ሳይሆን የብዕሩን መጋደም ማለታችን ነው። ዓመታቱም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዶክትሬት ማዕረግ የሠሩትን «ስኬችፓድ» የተባለ ፕሮግራም ሲያቀርቡ፣ ሰው በብርሃን ብዕር አማካይነት በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ በቀጥታ መሥመርና ክብ መሳል እንደሚችል ታየ። በ1964 ደግሞ ራንድ ኮርፖሬሽን በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ በእያንዳንዱ ኢንች 100 መሥመሮች የተዘረጉበትና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ለይቶ የሚያውቅ የመጻፊያ ሰሌዳ ተሠራ። ሁለቱም ለዘመናቸው ድንቅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ስለ ብዕሩ የሚያውቁት ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ነበር፤ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት። በሦስት ጣቶች የተያዘው፣ ወደ ጸሐፊው ትከሻ የተጋደመው ብዕር ከሰሌዳው ሲደርስ ርዝመትም ስፋትም የሌለው የጂኦሜትሪ ነጥብ ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለምን ያዳረሰው ማውስም ቢሆን በዚህ ረገድ የጨመረው ነገር የለም።

በ1983 በጃፓን የተቋቋመው ዋኮም ኩባንያ በ1998 ለገበያ ያቀረበው «ኢንቱዎስ» የተባለ ሰሌዳ ከቦታው በተጨማሪ 1024 የግፊት ደረጃዎችን፣ እንዲሁም ብዕሩ ከቋሚ መሥመር እስከ 60 ዲግሪ ማዘንበሉን ይለካ ነበር። አሠራሩ ፊዚክስ ለሚማር ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው። በሰሌዳው ውስጥ በአግድምና በቁም የተዘረጉ ጥምጥም ሽቦዎች አሉ። እነዚህ ለእጅግ አጭር ጊዜ የኤሌክትሮማግኔት ምልክት ይልካሉ፤ በብዕሩ ውስጥ ያሉት ትንሽ ጥምጥም ሽቦና ካፓሲተር በዚያው ፍሪኩዌንሲ ይርገበገባሉ። በክፍል የተማራችሁት ሬዞናንስ እዚህ ላይ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ሰሌዳው መላኩን አቁሞ ሲያዳምጥ ብዕሩ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ ባትሪ የማያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ብዕሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም መልሱ በዙሪያው ላሉት ሽቦዎች ተመጣጥኖ ይደርሳል። ሲያዘነብል ግን አንደኛው ወገን ከሌላው በርትቶ ይሰማል። ወደ ማዕዘን የሚተረጎመው ይህ የሚዛን መዛባት ነው።

ዝንባሌን ማወቅ ለሠዓሊው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያው ለራሱም ያስፈልገዋል። በብዕሩ ውስጥ ያለው ጥምጥም ሽቦ ያለው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከጫፉ ከፍ ብሎ ነው። ለምሳሌ ከጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ነው ብንል፣ ብዕሩ 30 ዲግሪ ሲያዘነብል ሽቦው ከጫፉ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይርቃል። ሰሌዳው ይህንን ካላረመ ቀለሙ ከብዕሩ አጠገብ እንጂ ከብዕሩ ሥር አይወጣም።

ሌላ መንገድ የተከተሉም አሉ። አፕል ኩባንያ በ2015 ያወጣው «አፕል ፔንስል» ከጫፉና ከጫፉ ከፍ ካለ ቦታ ምልክት ይሰጣል፤ ስክሪኑ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። ብዕሩ ሲቆም ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ፤ ሲጋደም ይራራቃሉ። የርቀታቸው መጠን የዝንባሌውን ልክ፣ የሚያገናኛቸው መሥመር ደግሞ አቅጣጫውን ይናገራል። ማይክሮሶፍትም በ2017 ባወጣው የሰርፌስ ብዕር ዝንባሌን ጨምሯል። አንድ ነገር ግን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። አፕል በ2023 ዋጋው ቀነስ ያለ ብዕር ሲያወጣ ግፊት መለካቱን ሲተው ዝንባሌ መለካቱን አልተወም። ቀደም ሲል እንደ ቅንጦት ይቆጠር የነበረው ነገር ከርካሹ ብዕር ውስጥ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ዝንባሌ በሁለት ማዕዘኖች ይገለጻል። አንደኛው ብዕሩ ከሰሌዳው ወለል ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚናገረው የከፍታ ማዕዘን ነው። ሁለተኛው ወደየት እንደተጋደመ የሚናገረው የአቅጣጫ ማዕዘን ነው። ሥነ ፈለክ ያጠና ሰው እነዚህን አይስታቸውም፤ ኮከብ በሰማይ ላይ የሚፈለገው በእነዚሁ ሁለት ቁጥሮች ነውና። ነገር ግን በዚህ ውስጥ ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎችን የሚያሰናክል አንድ ጉድጓድ አለ። ብዕሩ ፍጹም ቀጥ ብሎ ሲቆም አቅጣጫ የሚባል ነገር የለውም። በሰሜን ዋልታ ላይ የቆመ ሰው «በየትኛው ኬንትሮስ ላይ ነኝ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ እንደማያገኝ ሁሉ፣ ቀጥ ያለ ብዕርም ወደየት እንዳዘነበለ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ወደዚያ ሲቃረብም ቁጥሩ መቅበዝበዝ ይጀምራል። ብዕሩ ከወለሉ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ እያለ በአንድ ዲግሪ ወደ ጎን ቢወዛወዝ የአቅጣጫው ማዕዘን የሚለወጠው በ1.4 ዲግሪ ያህል ነው። በ85 ዲግሪ ላይ ሳለ ግን ያችው የአንድ ዲግሪ መወዛወዝ አቅጣጫውን ከ11 ዲግሪ በላይ ታዞረዋለች። የእጅ መንቀጥቀጥ እንደ ትእዛዝ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልኬት ምን ይሠራበታል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት አስተሳሰቦች ሲከራከሩ ቆይተዋል። የመጀመሪያው ዝንባሌን እንደ ትእዛዝ መስጫ ያየዋል። በቻይና የሳይንስ አካዳሚ ፌንግ ቲያንና ባልደረቦቻቸው በ2007 የብዕሩን አቅጣጫ ተከትሎ ቅርጹን የሚለውጥ ጠቋሚ፣ በ2008 ደግሞ ብዕሩን ወደ አንድ ወገን በማዘንበል ብቻ የሚፈለገው ነገር የሚመረጥበት ክብ ሜኑ አቅርበዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊው ቀለም ለመለወጥ ወይም ለመሰረዝ ከሚሠራበት ቦታ እጁን አንሥቶ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ መሄድ የለበትም፤ ባለበት ሆኖ ብዕሩን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ያጋድማል። ብልሃቱን ሳናደንቅ አናልፍም። ሁለተኛው አስተሳሰብ ግን ዝንባሌ ትእዛዝ ሳይሆን የጭረቱ ባሕርይ ነው ይላል። ብዕሩ ሲጋደም መሥመሩ ይሰፋል፣ ይፈዛል፣ ይዞራል፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይሆንም።

በእኛ እምነት ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ይህንን የምንለው ለቀድሞው እርሳስ ካለን ናፍቆት ተነሥተን አይደለም።

የሰው እጅ በሚጽፍበት ጊዜ ብዕሩን ሳያስበው ያዘነብላል። ከመሥመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሲጓዝ የክንዱ ማዕዘን ይለወጣል፤ ሲደክመው ብዕሩ ይጋደማል፤ ወረቀቱ ሲዞር አቅጣጫው አብሮ ይዞራል። በጃፓን ኮቺ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሺያንግሺ ሬን የምርምር ቡድን በ2012 ሰዎች በተፈጥሯዊ አጻጻፋቸው ግፊትን፣ ዝንባሌንና አቅጣጫን እንዴት እንደሚጠቀሙ ያጠናው ሆን ተብሎ የተደረገውን ሳይታሰብ ከተደረገው ለመለየት ነበር። ዝንባሌ ትእዛዝ ከሆነ ይህ ልዩነት የግድ መታወቅ አለበት፤ ካልታወቀ ተማሪው ማስታወሻ ሲጽፍ ደክሞት ብዕሩን ሲያጋድም የጻፈው ሊሰረዝበት ነው። ዝንባሌ የጭረት ባሕርይ ብቻ ሲሆን ግን ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው። መሥመሩ ትንሽ ይሰፋል፤ ዓይን ያየዋል፤ እጅም ወዲያው ያርመዋል።

ግራኞችንም እናስታውስ። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው ብዕር የሚያዘነብለው ወደ ግራ ነው፤ አንዳንዱም እጁን ከመሥመሩ በላይ አጥፎ ስለሚጽፍ ብዕሩ ወደ ላይ ይጋደማል። ለቀኝ እጅ የተሠራ የዝንባሌ ሜኑ ለእርሱ ፍጹም የማይመች ሊሆን ይችላል። በየትምህርት ቤቱ «በቀኝህ ጻፍ» እየተባሉ ብዙ የተጨነቁ ወገኖቻችንን ኮምፒዩተሩም ደግሞ ሊቆጣቸው አይገባም።

ከዚህ ጋር ስለ ቁጥር ብዛት አንድ ቃል እንበል። በ2016 የወጣው የዋኮም ብዕር 8192 የግፊት ደረጃዎችን እንደሚለይ ተነግሮለታል። በ2004 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ግን ሰው ግፊትን እንደ መምረጫ ሲጠቀምበት በአግባቡ ሊቆጣጠር የሚችለው ወደ ስድስት የሚጠጉ ደረጃዎችን መሆኑን አሳይቷል። ስምንት ሺሁ ለጭረት ልስላሴ ይጠቅም ይሆናል፤ ለትእዛዝ ግን ስድስቱም በቂ ድካም ነው። ዝንባሌ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየንም። መሣሪያው መለካት መቻሉ እጅ መታዘዝ መቻሉን አያረጋግጥም።

የሚለካ ነገር ሁሉ ይጠቅማል የሚል እምነት እንደማይሠራ የሚያስረዳ ሌላም ምሳሌ አለ። በ2004 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የፊርማ ማረጋገጫ ውድድር ተወዳዳሪዎች ሁለት ፈተናዎች ቀርበውላቸው ነበር። በአንደኛው የብዕሩ የቦታ መረጃ ብቻ፣ በሁለተኛው ግፊትና ሁለቱ የዝንባሌ ማዕዘኖች ጭምር ተሰጥተዋል። ሐሰተኛ ፊርማን ከእውነተኛው በመለየት ረገድ ተጨማሪው መረጃ ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላስገኘም። በአንጻሩ የእጅ ጽሕፈትን ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር አያይዘው የሚያጠኑ የቼክ ተመራማሪዎች፣ ከሕሙማንና ከጤነኞች የሰበሰቡት መረጃ ከፍታንና አቅጣጫን ያካተተ ነው። ዝንባሌ ስለ አካላችን የሚናገረው ነገር ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ስለሆነም ይህንን ቁጥር የሚሰበስብ ፕሮግራም ለምን እንደሚሰበስበው ለተጠቃሚው መንገር ይገባዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። ብዕር የሚለው ቃላችን የመጣው «ብርዕ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ሲሆን ትርጉሙም መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ የሚጽፍበት መቃ ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። የእንዲህ ያለ ብዕር ጭረት ውፍረት በቀላል የትሪጎኖሜትሪ ሕግ ይወሰናል፤ የጫፉ ስፋት ጭረቱ ከጫፉ ጠርዝ ጋር በሚፈጥረው ማዕዘን ሳይን ሲባዛ ውፍረቱ ይገኛል። ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረውና ጠርዙ ከጽሕፈቱ መሥመር ጋር ትይዩ ቢያዝ፣ ቁልቁል የሚወርደው ጭረት ሙሉ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን አግድሙ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ጠርዙ በ30 ዲግሪ ቢዞር ደግሞ ቁልቁሉ ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል አግድሙ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በብራና መጻሕፍት የምናየው የወፍራም እግርና የቀጭን አግድም ውበት ከዚህ የመጣ ነው፤ የ«በ» ሁለት እግሮች ግዙፍ ሆነው ጣሪያዋ የሚቀጥነው ጸሐፊው ጠርዙን ከመሥመሩ ብዙም ሳያዞር ስለሚይዘው ነው።

የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ያለ እርሱ ዛሬ በስልካችን በአማርኛ መጻጻፍ ባልቻልን ነበር። ነገር ግን ያ ቁጥር ፊደሉ «በ» መሆኑን እንጂ እግሩ ምን ያህል እንደወፈረ፣ በማን እጅ እንደተጻፈ አይናገርም። ይህንን የሚናገረው ማዕዘን ነው፤ ማዕዘኑን ደግሞ የዛሬው ብዕር ይለካዋል። የብዕሩን የአቅጣጫ ማዕዘን ወስዶ የጠፍጣፋውን ጫፍ ጠርዝ ለዚያ ቀጥ ያለ ማቋረጫ አድርጎ መቁጠር ብቻ በቂ መነሻ ይሆናል። ፍጹም አይደለም፤ ጸሐፊው ብዕሩን በጣቶቹ መካከል ሲያሽከረክረው ጠርዙ ይዞራል፣ ዝንባሌው ግን ላይለወጥ ይችላል። ይህንን ሦስተኛ እንቅስቃሴ የሚለኩ ብዕሮች ጥቂቶች ናቸው፤ በ2024 የወጣው «አፕል ፔንስል ፕሮ» ከእነርሱ አንዱ ነው። ይሁንና ቁም ጽሕፈት የጠርዙ ማዕዘን በእጅጉ የማይለዋወጥበት ሥራ በመሆኑ ሁለቱ ማዕዘኖች ብዙ ርቀት ይወስዱናል ብለን እናምናለን።

«ብዕር የሚቀበል ታብሌት ለመግዛት አቅሙ ያለው ስንቱ ነው?» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው። አብዛኛው ተማሪ ኮምፒዩተር የሚያውቀው በስልኩና በጣቱ ነው፤ ጣት ደግሞ እንደ ብዕር ዝንባሌው አይነበብም። ነገር ግን ለአንድ ክፍል አንድ ሰሌዳ ይበቃል፤ አሮጌም ቢሆን ግድ የለም። ሶፍትዌሩ ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም። አንድሮይድ ከ2011 ጀምሮ የብዕርን ዝንባሌ ለማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ ያቀርባል። በ2015 የጸደቀው የድረ ገጽ መስፈርትም ከጠቋሚው ቦታ ጋር በሁለቱ አቅጣጫዎች ያለውን ዝንባሌ ከ90 ዲግሪ ሲቀነስ እስከ 90 ዲግሪ ሲደመር አድርጎ ይሰጣል። ማለትም ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ የድረ ገጽ ማሰሻ ውስጥ ጠፍጣፋ መቃን የሚመስል ብዕር መሥራት ይችላል። ሳይኑን ያሰላል፤ ብዕሩ ከ80 ዲግሪ በላይ ቀጥ ሲል ደግሞ በሚቅበዘበዘው አቅጣጫ ከመመራት ይልቅ የመጨረሻውን ታማኝ አቅጣጫ ይዞ ይቆያል።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የጫፉ ስፋት ከፊደሉ ቁመት ስንት እጅ ይሁን? ጠርዙ ከመሥመሩ ስንት ዲግሪ ይዙር? «ሰ»ን ሲጽፍና «መ»ን ሲጽፍ የጸሐፊው ማዕዘን አንድ ነው ወይስ ይለያያል? እነዚህን ቁጥሮች ከየትኛውም የሶፍትዌር መመሪያ አናገኛቸውም። ቁም ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ፣ አስፈቅዶ፣ በሥራው ላይ ሳለ እጁን መለካት ይጠይቃል። ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ፕሮትራክተር፣ አንድ ማስመሪያና ነፃ የሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።